ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጠይቂ

የእህቴ ልጅ፣ ከንቲባ ሳዲቅ ካን ለንደን ኦሎምፒክን በ2036 ወይም በ2040 እንደገና ብታዘጋጅ ፍላጎታቸው መሆኑን ከተናገሩ ወዲህ፣ «ዘመቻ ቢጀመር ልግባበት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ግቢበት። ካምደን ተወልደሽ ያደግሽ ነሽ፤ ከተማዋ ያንቺ ናት። ግን የምነግርሽን ይዘሽ ግቢ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

1. ደስታውን አታቃልዪው። በ2012 ከሴንት ፓንክራስ ጃቭሊን በተባለው ባቡር የተሳፈረ ሰው በ7 ደቂቃ ስትራትፎርድ ይደርስ ነበር። እዚያ ስታዲየም ውስጥ ኦገስት 3 ቀን ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ከሁለት ቀን በኋላ ቲኪ ገላና በዝናብ ሮጣ የማራቶኑን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ኦገስት 10 ደግሞ መሰረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከጉያዋ አውጥታ ስታለቅስ ዓለም አይቷታል። በፓራሊምፒኩም ወንድዬ ፍቅሬ በ1,500 ሜትር ብር አግኝቶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። በስደት አገር እንዲህ አንገትን ቀና የሚያደርግ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዘመቻውን የሚቃወሙ ወዳጆችሽ ይህን የማይረባ ነገር ሲያደርጉብሽ እሺ አትበያቸው።

2. ጁላይ 6 ቀን 2005 ሲንጋፖር ላይ ለንደን የ2012ን አዘጋጅነት ለማግኘት ፓሪስን 54 ለ50 በሆነ ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ጠዋት በኪንግስ ክሮስ እና በራስል ስኩዌር መካከል በባቡር ውስጥ፣ ታቪስቶክ ስኩዌር ላይ ደግሞ በአውቶቡስ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ሁለቱም ያንቺው ሰፈር ናቸው። በዚያ ዕለት በከተማዋ በደረሱት አራት ፍንዳታዎች ከተገደሉት 52 ሰዎች መካከል ከብዙ አገር የመጡ ነበሩባቸው። ከተማዋ በዘመቻዋ የዓለም ሕዝብ ሁሉ መኖሪያ ነኝ ስትል እነዚህን ሰዎች ማለቷ ነበር። ስለዚህ የዘመቻው ሰዎች የእናንተን የስደተኛ ልጆችን ፊት ለፖስተር ፈልገው ሲመጡ፣ በውሳኔው ጠረጴዛ ላይ ወንበር እንዲሰጧችሁ ጠይቂ።

3. ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አንድ ከተማ ለአዘጋጅነት ሲቀርብ የነዋሪውን ድጋፍ ያስለካል። ጠያቂው አካል የአንቺን «አዎ» አጥብቆ የሚፈልገው ያኔ ነው። ድምፁ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ የሚለማመጥሽ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ይህን ቀድመው የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ለንደን ሲቲዝንስ የተባለው የአብያተ ክርስቲያናት፣ የመስጊዶች፣ የትምህርት ቤቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት በ2004፣ ማለትም ድምፁ ገና ሳይሰጥ፣ ከከንቲባው ኬን ሊቪንግስተን እና ከዘመቻው መሪ ሰባስቲያን ኮ ቃል ተቀበለ። ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ፣ ለአካባቢው ሰው የሥራ ሥልጠና፣ አቅምን ያገናዘበና ዋጋው ለዘለቄታው ከገበያ ግሽበት የሚጠበቅ ቤት። ደመወዙ በብዙው ተከበረ። ቤቱ ግን ዘገየ፤ የመጀመሪያዎቹ 23 ቤቶች የተገኙት ከኦሎምፒኩ ፓርክ ውጪ፣ ማይል ኤንድ በሚገኘው በቀድሞው ሴንት ክሌመንትስ ሆስፒታል ግቢ ሲሆን ሰው የገባባቸውም በ2017 ነው። በጽሑፍ የተያዘ ቃል እንኳ ይህን ያህል ከዘገየ፣ ያልተጻፈው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢ። በዚያው አካባቢ ክሌይስ ሌን የተባለው የቤት ኅብረት ሥራ ለፓርኩ ሲባል ፈርሶ ከ400 በላይ ነዋሪዎች ተበትነዋል። የሕዝብ ገንዘብ ድርሻም በማመልከቻው 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ ተብሎ የነበረው በ2007 ወደ 9.3 ቢሊዮን አደገ። ዩስተን አጠገብ የካውንስል ቤታቸው ለኤችኤስ 2 ባቡር የፈረሰባቸውን ጎረቤቶችሽን ጠይቂ፤ መነሳት ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ይነግሩሻል።

4. አሁን ደግሞ ጊዜው አጥሯል። ኮሚቴው በ2019 የድሮውን ግልጽ ፉክክር ትቶ ከመረጠው ከተማ ጋር በዝግ መነጋገር ጀመረ። ብሪስቤን ለ2032 የተመረጠችው በ2021 ያለ ተፎካካሪ ነው። ዜናውን በቴሌቪዥን ስትሰሚ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ካውንስሉንና የምክር ቤት አባልሽን ዛሬ መጠየቅ ጀምሪ።

5. አገር ቤትንና አህጉራችንንም አስቢ። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የ2022ቱን የኮመንዌልዝ ጨዋታ ያለ ተፎካካሪ ካገኘች በኋላ ገንዘቡ አልሟላ ብሎ በ2017 ተነጠቀች። እኛ ደግሞ፣ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በ2022 ግብጽን 2 ለ0 ሲረቱ ያን ድል ያየው የማላዊዋ ሊሎንግዌ ስታዲየም ነው፤ መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አገራችን ውስጥ ስላልነበረ። አዲስ አበባ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ታላቅ ጨዋታ ስትጠይቅ ለማየት ከልቤ እመኛለሁ። ያኔ ቃል እንዴት በጽሑፍ እንደሚያዝ፣ በጀት እንዴት እንደሚነበብ፣ ሰው ከቤቱ ሳይነሳ በፊት ምን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ልጅ ያስፈልጋታል። እዚህ ካምደን ሆነሽ ተማሪው፤ ሲጠሩሽም ሂጂላቸው።