ጎርፍ ሲመጣ የሚያወጣ መንገድ

ዋቤ ሸበሌ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ኦጋዴንን ካቋረጠ በኋላ፣ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይንን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ስሟ በሶማሊኛ «ትልቅ ከተማ» ማለት ነው። ከተማዋ ላይ አንድ ጠብታ ባይወርድም በባሌና በአርሲ የጣለው ዝናብ ሊያጥለቀልቃት ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ከ200,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጎርፉ ተመልሶ መጥቷል።

ከደጋ የሚነሣው ውኃ እዚያ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ የሚጠቅመው ግን መውጫው ካልተቆረጠ ነው። ዝቅ ያለ መንገድ ብዙ ጊዜ ከቤቶቹ ቀድሞ ይሰጥማል። ስለዚህ በጂኦግራፊ ትምህርታችን፣ ከወንዝ ዳር ሰፈር ወደ ኮረብታ የሚያወጣ ከፍ ያለ መንገድ በወረቀት ላይ አቀድን። ከዚህ በታች ያሉት የመንገዱ ልኮች ለመልመጃ የያዝናቸው ናቸው።

ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር፣ የላይኛው ስፋቱ 6 ሜትር ይሁን። አፈሩ እንዳይናድ ጎንና ጎኑ ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር ወደ ውጭ ይዘረጋል። ከፍታው 2 ሜትር ከሆነ የታችኛው ስፋት 14 ሜትር፣ የሚያስፈልገው አፈር 60,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 3,750 ምልልስ መሆኑ ነው። ከፍታውን 3 ሜትር ብናደርገው አፈሩ 108,000 ይደርሳል። አንድ ሜትር ጨመርን፣ አፈሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። «ለምን በጣም ከፍ አታደርጉትም?» ለሚል ወላጅ መልሳችን ይኸው ነው። መረሬ አፈርም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ከፍታው የሚወሰነው በምን ዓይነት ጎርፍ ነው? በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ እምብዛም የማያሰጋ ይመስላል። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ግን ከመቶ 26 ያህል ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳያስገባ ሊያየው ይችላል ማለት ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። በሜዳ ላይ የተሠራ ከፍ ያለ መንገድ፣ ፈለግነውም አልፈለግነውም፣ ግድብ ነው። በአንዱ ወገን ያለው ሰፈር መውጫ ሲያገኝ፣ በሌላው ወገን ባለው ሰፈር ላይ ውኃ ይታቆራል። ከሁለቱ ወገን የውኃው ከፍታ ሲበላለጥ ደግሞ ውኃው መንገዱን ተሻግሮ በመውረድ ከማዶ ያለውን ጠርዝ ይሸረሽራል፤ መንገዱም ራሱ ይበጠሳል። መድኃኒቱ ውኃው በቀድሞ መሄጃው እንዲያልፍ ሰፊ ከልቨርቶች መሥራት ነው። ቀጫጭን ቱቦ በግንድና በፌስታል ቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ብዙ ጠባብ ቀዳዳ ከመደርደር ጥቂት ሰፋፊ መክፈት ይሻላል ብለናል። የቀድሞው የውኃ መሄጃ የት እንደነበረ ደግሞ ከካርታ ይልቅ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ከማዶ ያሉት ሰዎች ሳይጠየቁ ዶዘር መግባት የለበትም፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል።

ዋናው መንገድ የቱንም ያህል ቢደላደል፣ ከቤት እስከ እርሱ የሚያደርሰው የውስጥ መንገድ ቀድሞ ከተዋጠ ዋጋ የለውም። የመውጫ ትእዛዝ መሰጠት ያለበትም የውኃው ከፍታ በዚያ ዝቅተኛ ነጥብ ታይቶ ነው። አሮጊትና ሕፃን ይዞ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ቤተሰብ መንገዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ዕቃ መሰብሰቢያና እስከ መንገዱ መድረሻ ጊዜም ይጨመርበት።

ከብቶቹስ? አርብቶ አደር ፍየሎቹን ትቶ አይወጣም፤ ደረቁ መሬት መንገዱ ብቻ ከሆነ መንጋውን እዚያው አቁሞ ይከርማል። መኪናና አምቡላንስ እንዳይታገዱ በየ500 ሜትሩ ወደ ጎን ሰፋ ያለ የመንጋ ማረፊያ በንድፋችን ላይ ጨመርን። በማረፊያዎቹ ምክንያት የአፈሩ መጠን እንደገና ጨምሯል፤ አዲሱን ስሌት ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል አስተላልፈናል።