ሥራ አስኪያጅ ማለት ምን ማለት ነው?

ሥራ አስኪያጅ የሚለውን ቃል ዘወትር እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ቃሉን ፈታ አድርጎ የሚመለከተው ጥቂት ሰው ነው። አለቃ ሌላ ነው፤ አዛዥም ሌላ ነው። አስኪያጅ ማለት የሚያስኬድ ማለት ስለ ሆነ፣ በትልቅ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ሊባል አይገባውም። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከትምህርት ቤታችን ከሚወጡት ወንድሞችና እኅቶች አንዳንዶቹ ነገ በጂንካ፣ በዲመካ፣ በቱርሚ ወይም በኦሞራቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም የትምህርት ቤት ዲሬክተር መሆናቸው የማይቀር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውንም ተረት ሁላችን ስንሰማ አድገናል። ሹመትን እንደ ማዕድ እየቈጠረ ካደገ ልጅ ምን ዓይነት ኃላፊ ይገኛል?

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ እስከ ጂንካ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበቃናል። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አየር መንገዱ በ1945 ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ነበሩ። ያገር ልጆች ግን ጐን ለጐን ይሠለጥኑ ስለ ነበረ፣ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአይሮፕላን አዛዥ ሆኑ። የዋና ሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ግን ለኢትዮጵያዊ የተሰጠው በ1971 ሲሆን፣ የተረከቡትም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ናቸው። ይህ ሁሉ ዓመት በዛ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሥራው ሳይታወቅ ወንበሩ ቢገኝ ኖሮ ዛሬ የምንኰራበት ነገር ባልኖረ ነበር እላለሁ።

ይኸው ልማድ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ከ2011 እስከ 2022 አየር መንገዱን የመሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ወደ ድርጅቱ የገቡት በ1980ዎቹ ዓመታት በዝቅተኛ የትራንስፖርት ሠራተኛነት ነው። እርሳቸው ሲለቁ ቦታውን የተረከቡት አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው ዘመን በመሐንዲስነት የገቡ ናቸው። ከታች ያልሠራ ኃላፊ ሠራተኛው ሲያታልለው አያውቅም፤ ሲደክምም አያውቅለትም።

በአይሮፕላን ሥራ ዘንድ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚጠቅሙ ሌሎች ልማዶችም አሉ። አንደኛው ፊርማ ነው። መካኒክ የጠገነውን ሁሉ በመዝገብ ጽፎ ይፈርምበታል፤ ያለዚያ ፊርማ አይሮፕላኑ አይነሣም። ነገር ቢበላሽ «እኔ አላየሁም» የሚባል መሸሻ የለም። ሁለተኛው የበታች እንዲናገር መፍቀድ ነው፤ ይህኛው ግን በብዙ የሰው ሕይወት የተገዛ ትምህርት ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ትላልቅ አይሮፕላኖች በማኰብኰቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው አዛዥ በኩባንያው ዘንድ እጅግ የተከበረ የአብራሪዎች አስተማሪ ነበረ። እርሱ የመነሣት ፈቃድ ሳይቀበል ሲንደረደር፣ አብሮት የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አይሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። አዛዡ ወጥቷል ብሎ ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚህና ከመሰሉ አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች የበታች ሠራተኛ ሥጋቱን ደፍሮ እንዲናገር፣ አዛዡም እንዲያደምጥ ማስተማር ጀመሩ። በእኛ አገር ታላቅን ማክበር ደግ ልማድ ነው፤ ማክበርና ዝም ማለት ግን አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የሚከብደው ክፉ ወሬን ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157ቱም ሰዎች አለቁ። አቶ ተወልደ በዚያኑ ቀን ከስብርባሪው መካከል ተገኙ። አየር መንገዱም ምርመራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ የቀሩትን የዚሁ ዓይነት አይሮፕላኖች ከበረራ አገደ፤ አሜሪካ ያገደችው ግን በማርች 13 ነበረ። ቀደም ብሎ በኦክቶበር 2018 በኢንዶኔዥያ እንዲሁ ዓይነት አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋ የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ አዲስ የመቈጣጠሪያ ዘዴ እንደ ነበረበት ታውቋል። ይህም ዘዴ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት በአብራሪዎቹ የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸላቸውም ነበር። የቦይንግ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዴኒስ ሙሌንበርግ በዲሴምበር 2019 ከሥራቸው ተሰናበቱ። የቦይንግ ሰዎች ዕውቀት ጐደላቸው ለማለት አይቻልም፤ የጐደለው የሚያውቁትን ለሚመለከተው ሰው በጊዜው መንገር ነበረ።

ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እንግዲያስ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከአሪ ገበሬዎች ቡናና ኮረሪማ ይገዛል እንበል። ሊቀ መንበሩ ራሱ ሚዛን ይዞ ሠርቶ ያውቃልን? የገባውን ኪሎ ማን እንደ መዘነው በመዝገቡ ተፈርሞበታልን? ሚዛኑ አጕድሎ ቢገኝ፣ በዕድሜ ትንሹ ሠራተኛ በገበሬዎቹ ፊት «ጋሼ፣ ይህ ሚዛን ልክ አይደለም» ለማለት ይችላልን? ሊቀ መንበሩስ በዚያኑ ቀን መመዘኑን አስቁሞ፣ አስቀድመው አስመዝነው የሄዱትን ገበሬዎች ከየቀበሌያቸው አስጠርቶ የጐደለባቸውን ይከፍላቸዋልን?