ትናንት የተረፈው ዳቦ ይበቃሃል

እሁድ ጠዋት ቁርስህን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትበላው?

አትሸውደኝ። 3 ሰዓት ላይ ትነቃለህ። ስልክህን ስታገላብጥ 4 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ፍሪጁን ከፍተህ ታያለህ፤ ትዘጋዋለህ። ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ትከፍተዋለህ። በመሃል ማን ምን እንዲያስገባልህ ጠብቀህ ነው?

መጨረሻ ላይ ሻይ በዳቦ ታደርጋታለህ። ወይም ጫማህን አጥልቀህ ካፌ ትወርዳለህ። ሜኑው ላይ ፍሬንች ቶስት አለ። ታዝዛለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ትፖስታለህ፣ ትከፍላለህ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሳህኑ ላይ የነበረው ምንድን ነው?

ዳቦ። እንቁላል። ወተት። ሙዝ። ከላይ ማር ጠብ ጠብ ተደርጎበታል።

በቃ፣ ይኸው ነው! ለቡ መብራት ኃይል የምትኖር ከሆነ ይህን ሁሉ ለማግኘት ከሰፈርህ መውጣት አይጠበቅብህም። ምናልባት ገሚሱ አሁን ኩሽናህ ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው አስቤዛ አይደለም። የጎደለው «ዛሬ እኔ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ነው።

ያ ሰው አንተ ነህ።

ደግሞም ድግስ ደግስ አላልኩህም። በጉርሻ ልክ የተቆረጠ፣ ፍራፍሬ የተሰካበት፣ በስቴኪኒ ብድግ የሚደረግ ትንሽዬ ፍሬንች ቶስት ነው የምልህ። ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ሥራ። ግማሽ ሰዓት ለራሱ መስጠት ያቃተው ሰው በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚጽፈውን ያንን ረጅም ዕቅድ እንዴት ሊፈጽመው ያስባል?

«ይሄ የፈረንጅ ምግብ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ልትል ነው። ቆይ!

አፒኪዩስ በሚባለው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ምግብ ቅድመ አያት አለ። ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዳቦው ጠርዙ ተነስቶለት ጠና ጠና ባለ ጉርሻ ይቆረሳል፣ ወተት ውስጥ ይነከራል፣ በዘይት ይጠበሳል፣ ማር ይፈስበታል። ልብ በል፤ ያኔም በጉርሻ ነበር። ፈረንሳይ በዚህ ስሟ ከመጠራቷ በፊት መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ የእናትህን ጨጨብሳ አስታውስ። ቂጣው ይቆራረሳል፣ በቅቤ ይታሻል፣ ማር የሚያፈስበትም ሞልቷል። ታዲያ ምኑ ነው እንግዳ የሆነብህ? ዳቦን ቆርሶ በጣፋጭ መብላት ለኛ ቤት አዲስ አይደለም። ስሙ ሲቀየር ብቻ ነው የምትደነግጠው።

ብራንች የሚባለውም እንደዚያው። ከቁርስ ያለፈ፣ ከምሳ የቀደመ ምግብ ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ከቸርች መልስ ሰው ተሰብስቦ የሚበላው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ብራንች የሚለውን ቃል ሳትሰማ ስትበላው ኖራለች።

እሺ፣ ወደ ሥራ እንግባ።

ሥራው የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ጠዋት ከሆነ የምትጀምረው ተሸንፈሃል፤ ምክንያቱም እሁድ ጠዋት ያለው አንተ ሰነፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ያለው አንተ ግን ይታመናል። ለሰነፉ ወንድምህ አዘጋጅለት።

ዳቦውን ስትገዛ አታስቆርጠው፤ ሙሉውን ውሰድ። በስሱ የተቆረጠ ዳቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቤት ስትገባ በሁለት ጣት ውፍረት ቁረጠው፣ መልሰህ በአራት ማዕዘን ቅርፅ ከፋፍለው፣ ትሪ ላይ በትነህ ሳትሸፍን አሳድረው። አዎ፣ ይድረቅ! ትኩስ ዳቦ እንቁላሉ ውስጥ ሲገባ ይልመሰመስና ገንፎ ይሆንብሃል። የደረቀው ግን እንቁላሉን ጥግብ ብሎ ይጠጣል፣ ቅርፁንም ይዞ ይቆያል። ትናንት የተረፈውን፣ «ደረቀ» ብለህ ልትጥለው የነበረውን ዳቦ ነው የምትፈልገው። የጎደለህን ስትቆጥር የከረምክ ሰው፣ ይህን ልብ ብለህ አንብበው።

እሁድ ጠዋት ሁለት እንቁላል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስበር። አንድ የቡና ሲኒ ወተት ጨምር። ጨው ቆንጠር፣ ቀረፋ ቆንጠር፣ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ። ስኳር አታብዛ፤ መጥበሻው ላይ ያራል፤ ጣፋጩን ማሩ ይሰጥሃል። በሹካ በደንብ ምታው። የእንቁላሉ ነጭ ክር እየሠራ የሚታይ ከሆነ ገና ነው፤ ምታ!

መጥበሻው መካከለኛ እሳት ላይ ይውጣ። የገበታ ቅቤ ጣል አድርግበት። ቅቤው አረፋ ያወጣል፣ ይንጫጫል። ጠብቅ። አረፋው ሲተኛና ጫጫታው ጋብ ሲል ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። ዳቦውን እንቁላሉ ውስጥ አገላብጠህ አንድ ባንድ አሰልፈው። አታጨናንቀው። በዳቦና በዳቦ መካከል ጣትህን የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር።

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ። አትነካካው።

የምሬን ነው። እጅህን ሰብስብ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። ይገለብጣል፣ ይመልሳል፣ ይጫነዋል፣ እሳት ይጨምራል። እሳት ስትጨምር ውጪው ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ እንቁላል ሆኖ ይቀራል። የታችኛው ጠርዝ የማር መልክ ሲይዝ ብቻ ገልብጠው። ከዚያ ሌላውን ጎን። ከዚያ ቀሪዎቹን። ቀረፋው ቤቱን ሲያውደው ያልተነሳ ሁሉ ይነሳል፤ መቀስቀሻ አያስፈልግህም።

(የተነጠረ የወጥ ቅቤ ቢሆንስ? ይቻላል፤ እሳትም ይችላል። ግን ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሙዙን ይጫኑታል። እኔን ከጠየቅከኝ እሱን ለጨጨብሳው ተወው።)

ፍራፍሬውን በተመለከተ ፍርዴ አጭር ነው። ሙዝ ንጉሥ ነው፤ ከአርባ ምንጭ መጥቶ የአዲስ አበባን ጋሪ የሚሞላው ያው ሙዝ። የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ምረጥ፤ ስትቆርጠው እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ አድርግበት። ማንጎ ድንቅ ነው። እንጆሪ ካገኘህ መልኩን ያሳምረዋል። ፓፓያ ውኃ ስለሚያዝል ሊበላ ሲል ብቻ ይሰካ፤ ቀድመህ ከሰካኸው ዳቦውን ያረጥበዋል። አቮካዶ ስፕሪስ ላይ ያምራል፤ እዚህ ግን ቦታ የለውም።

ስቴኪኒውን አንሳ። ፍሬው ከላይ፣ ዳቦው ከታች። ትሪ ላይ ደርድር። ማር አፍስስ። ጨረስክ!

አሁን ስማኝ። አንድ እሁድ መሥራት ቀላል ነው። ሞቅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ እሁድ ይሠራል። ጥያቄው ሦስተኛው እሁድ ላይ የት ትሆናለህ የሚለው ነው።

«21 ቀን ብቻ ታገስ፣ ልማድ ይሆናል» ብለው የሰበኩህ ብዙ ናቸው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። አንድ የዕለት ተግባር ሳያስቡበት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል። ለአንዱ 18 ቀን ይበቃዋል፤ ሌላው እስከ 254 ቀን ሊሄድ ይችላል።

ደነገጥክ? አትደንግጥ። ያው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል፤ አንድ ቀን መዝለል ጉዞውን እምብዛም አያበላሸውም። ገባህ? አንድ እሁድ ቢያመልጥህ ዓለም አትገለበጥም። «በቃ ተበላሸ» ብለህ የምትተወው አንተ ነህ እንጂ ልማዱ አልተወህም።

ታዲያ በየቀኑ ፍሬንች ቶስት ብላ እያልኩህ ነው? ኧረ በጭራሽ! በየቀኑ የሚሠራው ማታ ማታ ለነገ አንድ ነገር ማሰናዳት ነው። ሰኞ ማታ ልብስህን አውጣ። ማክሰኞ ማታ ቦርሳህን አዘጋጅ። ቅዳሜ ማታ ዳቦውን በትን። የስታንፎርዱ የባህርይ ተመራማሪ ቢ. ጄ. ፎግ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ አዲሱን ልማድ አስቀድሞ ካለህ ልማድ ጋር እሰረው፣ ደግሞም በጣም ትንሽ አድርገው። እራት በልተህ ሳህን ታጥባለህ አይደል? እጅህን ሳታደርቅ ለነገ የሚሆነውን አውጣ። ከዚህ የበለጠ አትጀምር።

«ጊዜ የለኝም፣ ሁኔታው አልተመቸኝም።» ይህችን ሰበብ አውቃታለሁ።

እስቲ ቅዳሜ ከሰዓት ኃይሌ ጋርመንት ድረስ ሂድ። ከለቡ ሩቅ አይደለም። እዚያ ፍራፍሬ የሚሸጡልህን ሰዎች ተመልከት። የፒያሳው አትክልት ተራ ነጋዴዎች በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወሩ። ክረምት ገባ፤ ጭቃ ነበር። በ2013 ደግሞ ከጃን ሜዳ ተነስተው ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጡ። ሁለት ጊዜ ዕቃ ሸክፎ፣ ሁለት ጊዜ ደንበኛ ፈልጎ፣ ሁለት ጊዜ ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ሙዙ ግን ገበያ መውጣቱን አላቆመም። አንተን ከሶፋ ወደ ምድጃ መዛወር ነው ያቃተህ? አንድ ኪሎ ሙዝ ግዛ፣ ተመለስ።

«ጾም ከሆነስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰበብ ካልሆነ። በዐቢይ ጾም እሁዱም ቢሆን ከእንቁላልና ከወተት ነፃ ነው። እንግዲያው በጣም የበሰለ ሙዝ በሹካ ፍጭ አድርገህ አድቅቀው፣ በውኃ ወይም በአኩሪ አተር ወተት አቅጥነው፣ አንድ ማንኪያ ዱቄትና ቀረፋ ጨምርበት። ወተትና ቅቤ ያልገባበትን ዳቦ እሱ ውስጥ ነክረህ በዘይት ጥበስ። የማይዝ መጥበሻ ያስፈልግሃል፤ ሙዝ ይጣበቃል። እንደ እንቁላሉ አይነፋም፣ ግን ጠርዙ ላይ ካራሜል ይሠራል፤ ልጆች እንዲያውም ይህኛውን ሊመርጡ ይችላሉ። በነገራችን ላይ ስፔኖች በሰሞነ ሕማማት የሚበሉት ተመሳሳይ ዳቦ አላቸው፤ እነሱ ግን በእንቁላልና በወተት ነው። እያንዳንዱ በሥርዓቱ!

ወንድሜ፣ አንተን ለብቻህ ላናግርህ። «ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ» የሚል ድምፅ ጆሮህ ላይ አለ። ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ካፌ ውስጥ ያንን ሳህን የሠራልህ ሼፍ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግን ቅር አላለህም፤ እንዲያውም ቲፕ ሰጠህ። ደመወዝ ሲከፈልበት ሙያ የሆነው ሥራ ለሚስትህና ለእናትህ ሲሆን ነውር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

እህቴ፣ አንቺም ስሚ። እሁድን ሁሉ ብቻሽን መሸከም የለብሽም። ሙዙን ለልጆቹ ስጪያቸው። ስቴኪኒ መሰካት የስድስት ዓመት ልጅ ይችላል፤ ጫፉ ሹል ነውና አጠገቡ ሁኚ እንጂ። ዝንፍ ያለ ቢሰካስ? ይበላል! አስተካክለሽ ለመሰካት እጅሽን አትላኪ። ልጁ የራሱን ጥፋት ደስ ብሎት ይብላው።

መብራት ቢጠፋ በሲሊንደር ጋዝ ይሠራል። ማር ቢያልቅ በማርማላታ ይበላል። እንግዳ ቢመጣ ሦስተኛ እንቁላል ይሰበራል። ሌላ ሰበብ አለህ?

እንግዲያው ዛሬ ምን ቀን ነው? ቅዳሜ ከሆነ ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ውጣና አንድ ሙሉ ዳቦ ይዘህ ግባ። ቅዳሜ ካልሆነም ዛሬ ማታ እራት ስትጨርሱ የሚተርፈውን ዳቦ አትጣለው፤ ቁረጠውና ትሪ ላይ በትነው።