ውሃ ለኪው ሠራተኛ

የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከግድብ ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የሚባሉት ግድቦች የክረምቱን ዝናብ አጠራቅመው ለከተማዋ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ከመሬት ሥር የሚሳብ ውሃ ነው። የመሬት ውሃ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ያለው የአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ነው።

አቃቂን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያና በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከመሬቱ ሥር ያለውን ሀብት ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የአካባቢው ድንጋይ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። አንዳንዱ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ፣ አንዳንዱም የተሰነጣጠቀ ነው። ውሃው የሚጠራቀመው በዚያ ዓይንና በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ሥፍራ ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃቸው ወደ ከተማው እንዲሄድ ተደርጓል።

ታዲያ አንድ ችግር አለ። አቃቂ ቆላ ባይባልም ከመሐል ከተማው ዝቅ ይላል። በአቃቂና በመስቀል አደባባይ መካከል ወደ 250 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት አለ። ውሃ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ዳገት አይወጣም። በሞተር ተገፍቶ ነው የሚወጣው። ሞተሩ ደግሞ ዓይንም ጆሮም የለውም። ጉድጓዱ መድረቁን፣ ታንከሩ መሙላቱን፣ ቧንቧው መፈንዳቱን አያውቅም። ይህን የሚነግሩት የመለኪያ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህን መሣሪያዎች የሚተክል፣ የሚፈትሽና የሚጠግን ባለሙያ ደግሞ አለ። የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሺያን ይባላል። በውሃ ሥራ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ቧንቧ ሠራተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱን ግን የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ግፊትን ይለካል። ውሃ ክብደት አለው። እንስራ ያዘለች ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። በቧንቧ ውስጥ ቆሞ ያለ ውሃም እንዲሁ ከሥሩ ያለውን ይጫናል። ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ውሃ ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና 1 ባር ገደማ ነው። ባር የግፊት መስፈሪያ ነው። የመኪና ጎማ ነፋስ ብዙውን ጊዜ 2 ባር ከጥቂት ነው። እንግዲህ ውሃን 250 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 25 ባር ያስፈልጋል ማለት ነው። በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ የሚፋተገው ሲታከልበት ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ውሃው በየመንገዱ ታንከር ላይ እያረፈ፣ በሌላ ሞተር እንደገና እየተገፋ ይወጣል።

ግፊትን የሚያሳየው ክብ መሣሪያ ጌጅ ይባላል። ሰዓት ይመስላል። ይህን መሣሪያ የሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1849 ኤዤን ቡርዶን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። በውስጡ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ውሃ ሲገፋው ቱቦው ቀና ልበል ይላል። የተጠቀለለ የጎማ ቱቦ ውሃ ሲለቀቅበት እንደሚንቀሳቀሰው ማለት ነው። ያ ትንሽ መቃናት ቀስቱን ያዞራል።

ሁለተኛው በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ መለካት ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንመልከት፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ፓምፕ ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይሠራል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ውሃው ራሱ ነው። ውሃው እየተቀዳ ሲሄድ በጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ ይላል። ከፓምፑ በታች ከወረደ ሞተሩ በደረቁ እየዞረ ይቃጠላል። የተቃጠለውን ለማውጣት ክሬን መጥቶ ቧንቧው አንድ በአንድ መነቀል አለበት። እስከዚያ ድረስ ሠፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይንከራተታል።

ይህ እንዳይሆን ሁለት ሽቦዎች በልዩ ልዩ ጥልቀት ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ። ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውሃው የታችኛውን ሽቦ ሲለቅ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ይቆማል። ተመልሶ የሚነሳው ውሃው የላይኛውን ሽቦ ሲነካ ብቻ ነው። ለምን ሁለት ሆነ? አንድ ቢሆን ሞተሩ በየደቂቃው ሲቆምና ሲነሳ ይውል ነበር። ይህም ራሱ ሞተር ይገድላል።

ሦስተኛው ታንከር ነው። ታንከሩ ኮረብታ ላይ፣ ሞተሩ ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ብዙ ኪሎ ሜትር አለ። ታንከሩ ምን ያህል እንደሞላ ለሞተር ቤቱ መልእክት የሚልከው በሽቦ ነው። መልእክቱ ትንሽ የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ መስፈሪያውም ሚሊ አምፔር ይባላል። ታንከሩ ሲሞላ 20 ይልካል። ባዶ ሲሆን 4 ይልካል። ግማሽ ሲሆን 12 ይልካል።

ባዶ ሲሆን ለምን 0 አልሆነም? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ማዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አላችሁ እንበል። አስር ጊዜ ተጣርታችሁ ዝም ካለ፣ ዝምታው ከብቶቹ ደኅና ናቸው ማለት ነው? ወይስ ልጁ አንድ ነገር ሆኗል? አይታወቅም። ስለዚህ ደኅና ቢሆንም «አለሁ» ማለት አለበት። 4 ማለት ያ «አለሁ» ነው። 0 ከመጣ ታንከሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይም መሣሪያው ሞቷል ማለት ነው።

ለምሳሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሞተር ቤቱ ዘበኛ ለቴክኒሺያኑ ስልክ ደወሉ እንበል።

«ልጄ፣ ታንከሩ ባዶ ሆኗል መሰለኝ። ሞተሩን ላስነሳው?»

«ትንሽ ይቆዩኝ አባባ። ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«ዜሮ ነው የሚለው።»

«አራት ነው ዜሮ? ደኅና አድርገው ይዩልኝ።»

«ዜሮ ነው አልኩህ እኮ። መነጽሬንም አድርጌያለሁ።»

«እንግዲያው ሽቦው ነው የተነካው። ሞተሩን አይንኩት። ታንከሩ ጋ ላለው ሰው ደውዬ በዓይኑ እንዲያይ አደርጋለሁ።»

ሰውየው መሰላል ወጥቶ ሲያይ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ይገኛል። ሞተሩ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲፈስ ባደረ ነበር። ዘበኛው ቁጥር ማንበብ መቻላቸው የስንት ሰው ውሃ እንዳዳነ አስቡት።

ሌላው የሚለካው የሚፈሰው የውሃ መጠን ነው። በየቤቱ ያለው ቆጣሪ ውሃው በሚያዞረው ትንሽ መዘውር ይቆጥራል። በትልልቅ ቧንቧዎች ላይ ግን ምንም የሚዞር ነገር የሌለው መሣሪያ አለ፤ በማግኔት ይሠራል። ውሃ በማግኔት መካከል ሲያልፍ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይጨምራል። ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በፈረንጆች በ1832 ለንደን ውስጥ በዋተርሉ ድልድይ ላይ ሆኖ የቴምዝን ወንዝ በዚህ መንገድ ሊለካ ሞክሮ ነበር። የዘመኑ መሣሪያ ደካማ ስለነበረ አልሆነለትም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበረ።

ከጉድጓድ የወጣውና በየቤቱ ቆጣሪ የተመዘገበው ሲተያዩ ልዩነት ይገኛል። ልዩነቱ መሬት ውስጥ የፈሰሰ፣ የተሰረቀ፣ ወይም ባረጀ ቆጣሪ ሳይቆጠር ያለፈ ውሃ ነው። በነገራችን ላይ፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቆጣሪው በነፋስ ይዞራል እየተባለ ሕዝቡ ያማርራል። ይህ ውሸት አይደለም። በቧንቧው ውስጥ የገባ አየር ተገፍቶ ሲወጣ መዘውሩን ሊያዞረው ይችላል። በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ሠፈር ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ክሎሪን የሚባለው መድኃኒትም ይለካል። ካነሰ ጀርሙ አይሞትም፤ ከበዛ ውሃው ይሸታል፤ ሰውም ትቶት ወደ ወንዝ ይሄዳል። በየቤቱ ቧንቧ ላይ ሲደርስ በአንድ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን መቅረት አለበት። መመርመሪያው እንክብል ሲጨመርበት ክሎሪን ያለው ውሃ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ካልሆነ ክሎሪን የለበትም። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ይህች ሮዝ ቀለም የሕይወት ጉዳይ ነበረች። ቃሊቲ ውስጥ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያም ተመሳሳይ ሥራ አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

እንግዲህ መሣሪያው ሁልጊዜ እውነት ይናገራል? አይናገርም። ገበያ ላይ ሚዛን እንደሚያታልል ሁሉ ጌጅም ያታልላል። ሚዛኑን የምትጠረጥሩ እንደሆነ ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ ትጭኑበታላችሁ። ቴክኒሺያኑም እንደዚሁ ያደርጋል። ግፊቱ የታወቀ ውሃ ይሰጠውና መልሱን ያያል። የጉድጓዱን ከፍታ መሣሪያው 60 ሜትር ካለ፣ እሱ ደግሞ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ ሜትር አውርዶ ይለካል። 63 ካገኘ መሣሪያውን ያርማል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያገኘውን ቁጥር በመዝገብ ይጽፋል። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ መዝገብ ነው። ጉድጓዱ ከዓመት ዓመት እየወረደ መሄዱን የሚናገር ሌላ ምስክር የለምና።

ሥራው አደጋ አለው። ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የተዘጋ የቧንቧ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሊያጥር ስለሚችል ብቻውን የሚገባ ሰው ላይወጣ ይችላል። ኤሌክትሪኩ ሳይዘጋ ሣጥን አይከፈትም። ሙያውን መማር የሚፈልግ ወጣት በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ይማራል። ቀሪውን የሚማረው ከነባር ሠራተኛ ጋር እየዞረ ነው።

እናንተም በመንደራችሁ ምንጭ መለካት ትችላላችሁ። ማግኔትም ሽቦም አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓት ወይም ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ውሃው ሁሉ ጀሪካኑ ውስጥ እንዲገባ አድርጉና ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ጻፉ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ አንዱ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ነው።

በጥቅምት ወር ጀሪካኑ በ40 ሴኮንድ ሞላ እንበል። 3,600 ለ40 ሲካፈል 90 ጀሪካን በሰዓት ይሆናል። በ24 ሰዓት 2,160 ጀሪካን ነው። በሚያዝያ ደግሞ ያው ጀሪካን በ100 ሴኮንድ ሞላ። በሰዓት ስንት ጀሪካን ይሆናል? በቀንስ? በመንደሩ 150 ቤት ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 6 ጀሪካን ቢቀዳ፣ የሚያዝያው ውሃ ይበቃል ወይስ አይበቃም? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ለውሃ ኮሚቴው አሳዩ።