«አልተገኘም» እና «ሐሰተኛ ነው»፦ በቅጥር ማጣራት ወቅት የሚያጋጥም የመንጃ ፈቃድ መረጃ ስሕተት ከቆቦ አንጻር

ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቐለ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቆቦን አቋርጦ ያልፋል። ለከተማዋና ለራያ ቆላ ወጣቶች መንጃ ፈቃድ እንጀራ የሚያስገኝ ሰነድ ነው። ቀጣሪዎችም ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ እንዳያጋጥማቸው፣ የአመልካቹ ሰነድ ትክክለኛ መሆኑን ፈቃዱን የሰጠው አካል እንዲያረጋግጥላቸው በደብዳቤ ይጠይቃሉ። ጥንቃቄው ተገቢ ቢሆንም ማጣራቱ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ «በመዝገባችን አልተገኘም» የሚል ምላሽ «ሰነዱ ሐሰተኛ ነው» ተብሎ መተርጎም እንደሌለበት ማሳየት ነው።

የስሕተቱ ዋና ዋና ምንጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ፍለጋ ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጡ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ተጽፎ በሌላው ሲቀርም ያው አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ የአገልግሎት ማብቂያው 12/02/2019 ተብሎ የተጻፈ ፈቃድ ጥቅምት 12 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2026 ማለት ነው። የውጭ ድርጅት መርማሪ ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019 ብሎ ቢያነበው፣ የጸና ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ይመስለዋል።

ሦስተኛው የመዝገብ መጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. የክረምት ወራትና ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ቆቦን ጨምሮ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ፣ በዞኑ በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዘረፋና ለውድመት ተዳርገዋል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የመዝገብ አለመገኘት ስለ መዝገብ ቤቱ እንጂ ስለ አሽከርካሪው ሐቀኝነት አይናገርም።

በሕግ ረገድ የመንጃ ፈቃድ አሰጣጥ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባለመረጃው የተሳሳተ መረጃው እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ አመልካቹ ስሕተቱን የሚያውቀው ቅጥሩ ከተሰረዘበት በኋላ ከሆነ መብቱ ብዙ አይጠቅመውም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የፍትሐዊ የብድር መረጃ ሕግ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል፤ በዚያ ሥርዓት ቀጣሪው ከሌላ ድርጅት ባገኘው የማጣሪያ ሪፖርት ምክንያት አመልካቹን ከመከልከሉ በፊት የሪፖርቱን ቅጂ ሊሰጠው ይገባል፤ አቤቱታ ሲቀርብም ሪፖርቱን ያዘጋጀው ድርጅት በመደበኛው በ30 ቀናት ውስጥ እንደገና ማጣራት አለበት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን እንጠቁማለን። ሰጪው አካል በምላሹ «ትክክለኛ ነው»፣ «ሐሰተኛ ነው» እና «መዝገቡ አልተገኘም» የሚሉትን ለይቶ ይጻፍ፤ ለመጨረሻውም ምክንያቱን ይግለጽ። ቀጣሪው ከመወሰኑ በፊት ምላሹን ለአመልካቹ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የማሠልጠኛ ተቋም ማስረጃና የቀድሞ ቀጣሪዎች የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚያቀርብበት ጊዜም ይስጠው። አመልካቹ በበኩሉ የፈቃዱን ቅጂ ይያዝ፤ የስም ልዩነት ካለ ሥራ ከመፈለጉ በፊት ያሳርም።

የፋይዳ ልዩ ቁጥር ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ጋር ሲተሳሰር የስም ልዩነትን ችግር ለወደፊቱ ሊያቃልል ይችላል፤ የጠፋ መዝገብን ግን አይመልስም። ስለዚህ የመዝገብ ጉድለት ሸክም፣ መዝገቡን የመጠበቅ ሥልጣንም አቅምም ባልነበረው አሽከርካሪ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።