ልጅ ሲፈናጠጥ መሪው ለምን ይከዳል?

በለንደኑ ኬኒንግተን ጎዳና ላይ ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ብስክሌት ከኋላው ዝቅ ማለቱን ልብ ይሏል። ይኸው ሕግ በካናዳ ጫካዎች ቤተሰብ በሚጓዝበት ስኖውሞቢል ላይ ይበልጥ ይጎላል።

የኩቤክ ተወላጁ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር በ1934 እ.ኤ.አ. በረዶ መንገድ ስለዘጋበት ሕፃን ልጁን ሐኪም ቤት ሳያደርስ አጣ። በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት የጀመረውን ጥረት አጠናክሮ ቀጠለ፤ በ1959 ቀላሉን ስኪ ዱ ለገበያ አቀረበ።

ስኖውሞቢል ከኋላ በጎማ ሰንሰለት ይገፋል፤ ከፊት በሁለት ሸርተቴዎች ይመራል። ለአንድ ሰው የተስተካከለ ሞላ፣ ልጅ ከኋላ ሲፈናጠጥ ከልኩ በላይ ይታመቃል። ኋላው ሲሰምጥ ፊቱ ይቀላል፤ ሸርተቴዎቹ በረዶውን መንከስ ይሳናቸዋል። መሪው ቢዞርም ተሽከርካሪው መታጠፊያውን ስቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። በቁጥቋጦው ፈንታ ዛፍ ቢኖር ግን ጉዳቱ ቀላል አይሆንም።

መፍትሔው ከጉዞ በፊት የኋላውን ሞላ ይበልጥ መወጠር ነው። ሾክ አብዞርበርን ማጠንከር ይህን አይተካም፤ ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሾክ አብዞርበር የሚገታው ንጥረቱን ብቻ ነው። ልጁ ሲወርድም ሞላውን ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ ይገባል።