በውኃ ውስጥ ስለሚቀር መድኃኒትና ስለ ብረት ዝገት ጥቅም

ከሰበታና ከቡራዩ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፥ ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ግን በሙገር በኩል ወደ ዓባይ እንደሚሄድ የጂኦግራፊ መምህራን ያውቁታል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ወደ ወንዝ የሚለቁት ሁሉ፥ ከታች ያለው ሕዝብ አትክልቱን ወደሚያጠጣበትና ከብቱን ወደሚያሰማራበት ውኃ ይገባል። በዚህ ወር የምንናገረው ከዚህ ፍሳሽ ውስጥ በዓይን ስለማይታየው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ቅሪት ነው።

የምንውጠው አሞክሲሲሊን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይለወጥ ከሽንት ጋር ይወጣል። በወንዝ ውስጥ መጠኑ እጅግ ስለሚያንስ ጠጪውን ወዲያው አይመርዝም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ባክቴሪያዎች ሁሉን ከማይገድል መድኃኒት ጋር ሲኖሩ፥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ። ከዚያም በኋላ ሕፃን በሳንባ ምች ሲታመም የሚሰጠው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል።

ውኃን አፍልቶ መጠጣት ዛሬም የጸና ምክራችን ነው። ይሁን እንጂ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ሁሉ አያጠፋም፤ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን የፈላ ውኃን ሙቀት ይችላል።

የሳይንስ ሊቃውንት መፍትሔ ከሚፈልጉባቸው ነገሮች አንዱ፥ ሁላችንም የምንንቀው የብረት ዝገት ነው። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 እንደገለጠው፥ የብረት ጨው ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሌላውን ንጥረ ነገር በብርቱ ይለውጣል። ምክንያቱም ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፥ ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ፥ ያገኘውን ሁሉ የሚሰባብር ነገር ስለሚፈጠር ነው። አሁን በጨው ፈንታ ሄማታይት የተባለውን ቀዩን የብረት ኦክሳይድ በደቃቅ ዱቄት መልክ ይሞክራሉ። ዝገት ቀይ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ የዋጠው ብርሃንም ለሥራው ኃይል ይሆነዋል። ለዚሁ ሥራ የታወቀው ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ከፀሐይ ብርሃን የሚጠቀመው ጥቂቱን፥ አልትራ ቫዮሌቱን ብቻ ነው። ይህን ስንል ዝገት ብቻውን ብርቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብርሃን ያነሣሣቸው ኤሌክትሮኖች ወዲያው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉና፥ ፐርኦክሳይድ የሚጨመረው ስለዚህ ነው። ማግኔታይት የተባለው ጥቁሩ ዓይነት ደግሞ ሥራው ሲያበቃ በማግኔት ተስቦ ይወጣል፤ እንደገናም ይሠራበታል።

ማንም ሰው ይህን አንብቦ የዛገ ምስማር በእንስራው እንዳይጨምር እናሳስባለን፤ ድካሙ ከንቱ ነው። ፐርኦክሳይድንም በሚጠጣ ውኃ ላይ መጨመር አደገኛ ነው። የዚህ ዘዴ ተገቢ ስፍራ የሆስፒታልና የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ መውጫ ነው፤ በዚያ ቅሪቱ ብዙ፥ ውኃው ግን ከወንዝ ያነሰ ነውና። በክረምት አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ጎርፍ ብርሃን ስለማያሳልፍ፥ በወንዙ ላይ እንሥራው ቢባል አይሆንም። የፋብሪካውም ፍሳሽ ቢሆን አስቀድሞ መጥለል ይገባዋል። ደግሞም መድኃኒቱ ተሰባበረ ማለት ኃይሉ ጠፋ ማለት ስላልሆነ፥ ውኃው ከመለቀቁ በፊት ስባሪው ባክቴሪያን የሚነካ መሆን አለመሆኑ በላቦራቶሪ ይመረመራል።

በየቤቱ የተረፈውን ክኒንና ሽሮፕ በተመለከተ፥ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድም ሆነ ወደ ወንዝ አይጣል፤ ስለ አወጋገዱ በአቅራቢያው ያለውን የጤና ጣቢያ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።